ሳትወጣ የቀረችው ዳቦ ጋጋሪ

መቼ እንደሆነ ልክ ልኩን ንገረን ብትሉኝ አልችልም። ዓመቶቹ ይደባለቁብኛል። ቡናው መቅላት ጀምሮ እንደነበር ብቻ አስታውሳለሁ፤ ለለቀማ ያወጣናቸውን ቅርጫቶች ጠዋት ፀሐይ ላይ ስናሰጣቸው ከሰዓት ዝናቡ መጥቶ ያረጥብብን ነበር። የባለቤቴ ሕመም ግን ከዚያ ቀደም ብሎ የጀመረ ነው። ልጅ የመውለጃዋ ዘመን ካለፈ ስንት ጊዜው፣ ደም ይታያት ጀመር። ለእኔ ትንፍሽ አላለችም። እኔ ያወቅኩት ጓሮ ጎደሬ ስትቆፍር ቆይታ ቀና ማለት አቅቷት፣ ዶማውን ተደግፋ ቆማ ሳያት ነው።

የምንኖረው ሸዋ ቤንች ነው፤ ሆስፒታሉ ያለበት ሚዛን ከተማ ሩቅ አይደለም። ወስጄ አስመረመርኳት። ሐኪሟ ልጅ እግር ናት፤ ረጋ ብላ ነው የምትናገረው።

"አባባ፣ ማህፀናቸው ውስጥ እጢ አለ። በኦፕራሲዮን መውጣት አለበት።"

"ባይወጣስ?"

"ደሙ እየበዛ ይሄዳል። ምን ዓይነት እጢ እንደሆነም የምናውቀው ወጥቶ ሲመረመር ነው። እባክዎ አያቆዩት።"

ባለቤቴ አማርኛ እምብዛም አትሰማም። ቤታችን የሚነገረው ቤንችኛ ነው። እኔ አማርኛ የለመድኩት በወጣትነቴ ቴፒ ቡና ለቀማ ስሠራ፣ ከየአገሩ ከመጣው ሠራተኛ ጋር ውዬ እያደርኩ ነው፤ ትምህርት ቤት ብዙም አልቆየሁ። እናም ሐኪሟ ያለችውን አንድ ሳላስቀር እዚያው ገልብጬ ነገርኳት። አንገቷን ደፍታ ሰማች።  ቤት ገብታ ጫማዋን ስታወልቅ፣

"ድራማው ይጨረስና እሄዳለሁ" አለችኝ።

የምትቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም።

ድራማው ከውጭ አገር የመጣ፣ የአማርኛ ድምፅ የተጫነበት ተከታታይ ነው። ራት ከበላን በኋላ ይጀምራል። ቴሌቪዥኑን የገዛችልን ቴፒ ያገባችው ልጃችን ናት። እኔ ከባለቤቴ ጎን የእንጨት ዱካ ላይ እቀመጥና ሰዎቹ የሚሉትን እየሰማሁ ወደ ቤንችኛ እገለብጥላታለሁ። መጀመሪያ ላይ ፍዳዬን አይቻለሁ። አንዱ ያለውን ሳልጨርስ ሌላው ተናግሮ ያልፋል። ባሕር ሲመጣ ደግሞ ቸገረኝ፤ እኛ አገር ባሕር የለም። "ማዶው የማይታይ ወንዝ ነው" አልኳት። "ታዲያ ማዶ መኖሩን በምን አወቁ?" አለችኝ።  እየዋልን እያደርን ግን እኔም ለመድኩት፣ እሷም ሰዎቹን ከእኔ በላይ አወቀቻቸው። ሰውዬው ገና በር ሲከፍት "ይሄ ሊዋሽ ነው የመጣው" ትላለች፤ እውነትም ይዋሻል።

ዋናዋ ሴትዮ ባሏ የሞተባት ዳቦ ጋጋሪ ናት። ልጇን በሕፃንነቷ የባሏ ዘመዶች ወስደውባታል። ልጅቷ አድጋ፣ እናቷ መሆኗን ሳታውቅ ከዚያችው ሴትዮ ዳቦ እየገዛች ትመለሳለች። ዳቦ ጋጋሪዋ ታውቃለች፤ አትናገርም። ባለቤቴ በዚህ ስንት ማታ ተናድዳ ተኝታለች። በኋላ ዳቦ ጋጋሪዋ ታመመች። ሐኪሙ ሕመሙን ሲነግራት እኔ መገልበጤን ተውኩ።

"ምን አላት?" አለችኝ ባለቤቴ።

"ማህፀኗ ነው አላት።"

ለአፍታ ቴሌቪዥኑን ትታ እኔን አየችኝ። "የእኔን ነው የታመመችው" አለች። ከዚያ ማታ ጀምሮ ነገሩ ከዳቦ ጋጋሪዋ ጋር ተያያዘ። ሴትዮዋ ኦፕራሲዮን ፈርታ ቀን ስታስለውጥ፣ የእኔዋም "አየህ?" ትለኛለች። ሴትዮዋ እሺ ብላ ስትፈርም ግን ባለቤቴ እጆቿን ጭኗ ላይ አስቀምጣ፣ "እሷ ገብታ ከወጣች እኔም እገባለሁ" አለችኝ። እኔም መልካም ነው፣ ቢበዛ ጥቂት ማታ ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ድራማውን ከእኛ ጋር የምታይ አንዲት ጎረቤት አለችን። የጅማ አገር ልጅ ናት፣ ሙስሊም፤ ከቤታችን ፊት ለፊት ሱቅ አላት። ባሏ ለንግድ ማሻና ጌጫ ይመላለሳል፤ እሷ ማታ ሱቋን ቆልፋ፣ የራሷን በርጩማ ይዛ ትመጣለች። ቤንችኛ የምታውቀው ለገበያ የሚሆን ያህል ነው፤ ከባለቤቴ ጋር ግን በዚያችው ትንሽ ቋንቋ ስለ ድራማው ይጨቃጨቃሉ።

ዳቦ ጋጋሪዋ የገባች ማታ ሦስታችንም ነበርን። በተሽከርካሪ አልጋ እየገፉ ወሰዷት። ልጅቷ እውነቱን ገና መስማቷ ነው፤ ደረጃውን እየሮጠች ትወጣለች። "ድረሺ! ድረሺ!" ትላለች ጎረቤታችን በርጩማዋን እየጎተተች። ልጅቷ ስትደርስ በሩ ተዘጋ። ከበሩ በላይ ቀይ መብራት በራ። ልጅቷ በሩን በሁለት መዳፏ መታችው። የዚያ ማታው ክፍል እዚያ ላይ ቆመ።

"ወላሂ፣ እነዚህ ሰዎች ግፈኞች ናቸው" አለች ጎረቤታችን።

በማግስቱ ማታ ቁጭ ብለን ስንጠብቅ ሌላ ነገር መጣ። ሰዎች በየተራ እየተነሡ የሚዘፍኑበት ውድድር ነው። ባለቤቴ "ዲሹ ዞሮ ነው" አለች። እውነትም ቀኑን ሙሉ ንፋስና ዝናብ ነበር። ጠዋት ወጥቼ አየሁት፤ የአቮካዶው ቅርንጫፍ አድጎ ዲሹን ሊነካው ደርሷል። ይሄ ነው የጋረደው አልኩና ገጀራዬን ይዤ ወጣሁ። ፍሬው ሊደርስ የተቃረበ ቅርንጫፍ ነው፤ አሳዘነኝ፤ ቆረጥኩት። ያን ማታም ዘፋኞቹ መጡ። ዲሽ የሚያስተካክል ሰው ጠርተን ጣሪያ ላይ ወጥቶ ወዲህና ወዲያ አዞረው። አሁንም ዘፋኞቹ።

ጎረቤታችን አንድ ቀን ከሱቋ ሆና ተጣራች።

"ጋሼ! ዲሹን ይተዉት! ስኳር ሊገዛ የመጣውን ሁሉ ጠይቄያለሁ፤ ለማንም አልመጣለትም።"

"እናማ አቮካዶዬን በከንቱ ነዋ የቆረጥኩት!"

"ፍሬውን ያምጡት፣ እሸጥልዎታለሁ።"

እሷ ሳቀች። ወዲያው ቴፒ ላለችው ልጃችን ደወልኩ። አራስ ነበረች፤ መምጣት አትችልም። ጉዳዩን ስነግራት መጀመሪያ ተቆጣች። "አባዬ፣ እማዬ ለድራማ ብላ ነው የቀረችው?" አለችኝ። ከዚያ ግን በስልኳ ፈልጋ መልሳ ደወለች።

"ተቋርጧል አባዬ። የሚሠሩት ሰዎች ከአሠሪዎቻቸው ጋር ተጣልተው ተበትነዋል ይላል። የተሠራበት አገርም መጨረሻውን ያየ የለም።"

"በሌላ ጣቢያስ?"

"የትም። ከዚያ ወዲያ አልተቀረጸም አልኩህ እኮ።"

ስልኩን ዘጋሁ። ባለቤቴ እሳቱ ጋ ቆጮ እየጋገረች ነው፤ ጀርባዋን ሰጥታኛለች። የምገለብጠው ነገር እንደዚያ ቀን ከብዶኝ አያውቅም። ነገርኳት። ቆጮውን አገላብጣ አስቀመጠች።

"አሁንም እዚያው ተኝታለች?" አለችኝ።

"የለችም እኮ፤ ድራማ ነው።"

"ድራማ መሆኑን እኔም አውቃለሁ። እዚያው ተኝታለች ወይ ነው ያልኩህ።"

"አዎ" አልኩ።

"ማንም አላወጣትም?"

"ማንም።"

"እንግዲያው እኔም አልገባም" አለች። ድምፅዋን ከፍ እንኳ አላደረገችም።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ክፉ ነበር። ለቀማ ጀመርን። ቤት ቆዪ ብላት ቅርጫቷን ወገቧ ላይ አስራ ትከተለኛለች። ጥቂት ለቅማ ትቀመጣለች፤ ፊቷ እንደ አመድ ይሆናል። ጓሮ የምታጥበውን ጨርቅ ትደብቀኛለች፤ እኔም ያላየሁ እመስላለሁ። አንዳንድ ቀን ቡናው መሀል ቅርጫቷ ብቻ ይታየኝና እሷ ትጠፋብኛለች። ስጣራ "አለሁ" እስክትለኝ የሚያልፈው ጊዜ ረጅም ነው።

አንድ ከሰዓት ስጣራ መልስ አጣሁ። ሁለተኛ ተጣራሁ። ሮጬ ስደርስ ቡናው ሥር በጎኗ ወድቃለች፤ የለቀመችው ቀዩ ቡና ቅጠሉ ላይ ተዘርግፏል። ጎረቤታችን ጩኸቴን ሰምታ በባዶ እግሯ መጣች። ውሃ ረጨንባት፣ ዓይኗን ገለጠች። ደግፈን ቤት አስገብተን ካስተኛናት በኋላ ጎረቤታችን እጄን ይዛ ወደ ውጭ አወጣችኝ።

"ጋሼ፣ ይንገሯቸው።"

"ምን ልንገራት?"

"ወጥታለች ይበሏቸው። ዳቦ ጋጋሪዋ ድናለች፣ ልጇም አቅፋታለች፣ ድራማውን ያየ ሰው ሱቅ ውስጥ ነገረኝ ይበሉ። እርስዎ አይደሉ የሚገለብጡት? ማን ይመሰክርብዎታል?"

እውነቷን ነው። ማንም አይመሰክርብኝም። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ነገ መኪና ላይ ልንሆን እንችላለን። ቃሉን በቤንችኛ በሆዴ አዘጋጅቼ ገባሁ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ገና አፌን ሳልከፍት፣ ዓይኗን እንደጨፈነች፣

"መጨረሻ ይዘህልኝ እንዳትመጣ" አለችኝ። "ቴሌቪዥኑ የሚለውን ስትነግረኝና የራስህን ስትነግረኝ ድምፅህ አንድ አይደለም። ይህን ሁሉ ማታ ስሰማህ ኖሬ የማላውቅህ መሰለህ?"

የያዝኩትን ዋጥኩት። ተነሥቼ እሳቱን አነደድኩ።

በዚያው ሳምንት የሰፈራችን የጸሎት ኅብረት ተራው የእኛ ቤት ነበር። እኛ ዘንድ ከመጸለይ በፊት እያንዳንዱ የጸሎት ርዕሱን ይናገራል፤ የታመመ ያለው፣ ልጁ ፈተና ላይ ያለበት፣ መንገደኛ ያለው። የኅብረቱን ጸሎት የሚመራው ሽማግሌ ቁም ነገረኛ ሰው ነው፤ ቀልድ አያውቅም። ተራው ባለቤቴ ጋ ሲደርስ የራሷን ሕመም ታነሣለች ብለን ሁላችንም ጠበቅን።

"አንዲት ሴት አለች፤ ዳቦ ጋጋሪ ናት" አለች። "ኦፕራሲዮን ክፍል ገብታ በሩ እንደተዘጋባት ነው። ለእሷ ጸልዩልኝ።"

"የት አገር ናት?" አለ ሽማግሌው።

"ቴሌቪዥን ውስጥ።"

 አንዷ ሴት ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች፤ ሳቋን ልትይዝ ነው። ሽማግሌው ግን አልሳቀም።

"እህቴ፣ የሌለ ሰው በጌታ ፊት እንዴት አድርገን እንጠራለን?"

"አለመኖሯን አውቃለሁ፣ ወንድሜ። ግን እኔ ዓይኔን ስጨፍን የማየው እሷን ነው። ትተዋት ሄዱ። የሠሯት ሰዎች እንኳ ምን ሆና ይሆን ብለው አልተመለሱም። እንዲህ ያለ ቦታ ነው ግቢ የምትሉኝ።"

የሳቀች የለችም። እኔ አንገቴን ደፋሁ። እሷ የፈራችው ቢላዋውን መስሎኝ ነበር፤ ከተዘጋ በር ጀርባ ተረስታ መቅረትን መሆኑ እስከዚያች ሰዓት አልገባኝም።

ሽማግሌው ተነሣ፤ እኛም ተነሣን። "ጌታ ሆይ" አለ፤ ቃሉን እየመረጠ፣ ወንዝ ውስጥ ድንጋይ እየፈለገ እንደሚረግጥ ሰው። "በተዘጋ በር ውስጥ ያሉትን፣ ሰው የረሳቸውንም፣ አንተ አትርሳ። ከበሩ ውጭም ሰው አቁምላቸው።" ሁሉም አሜን አለ። ያቺ ልትስቅ የነበረችው ሴት ታለቅስ ነበር።

ሰዎቹ ሲሄዱ ባለቤቴ ስኒዎቹን እየሰበሰበች፣ "አንተ ከበሩ አትነሣም?" አለችኝ።

"አልነሣም።"

"ቢያባርሩህም?"

"ቢያባርሩኝም።"

"ለምሳም?"

"ለምንም።"

"እንግዲያው እንሂድ" አለች።

ጎረቤታችን ሱቋን ዘግታ አብራን ሄደች። ሚኒባሱ ውስጥ ባለቤቴን መሀል አስቀመጥናት። ጭቃ ነበር፤ መኪናው ባንገጫገጫት ቁጥር ትንፋሿን ትይዛለች፣ እኔም ከእሷ ጋር እይዛለሁ። ሐኪሟ ስታያት "አባባ፣ ለምን ቆያችሁ?" ብቻ አለችኝ። እንዴት ብዬ ላስረዳት? አስተኝተው ደም ሰጧት፣ አንድ ሁለት ቀን አቆዩአት፣ ከዚያ ጠዋት በተሽከርካሪ አልጋ እየገፉ ወሰዷት። እስከ በሩ ድረስ አልጋውን ይዤ ሄድኩ። በሩ ላይ ነርሷ እጄን ቀስ ብላ አላቀቀችው። በሩ ተዘጋ። ቀይ መብራት አልነበረውም፤ እሱን ፈልጌ ቀና ማለቴ ትዝ ይለኛል።

ፊት ለፊት ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ጽዳት ሠራተኛዋ ውሃ ልታፈስ መጥታ "አባቴ፣ እዚያ ማዶ ይቀመጡ" ብትለኝ እግሬን ብቻ አነሣሁላት። በእግሬ ሥር አጥባ አለፈች። ጎረቤታችን ዳቦና ሻይ ይዛ መጣች፤ አልወረደልኝም። ጠዋቱ አለፈ። ቶሎ ያልቃል ያሉት አላለቀም።

ከዚያ በሩ በግማሽ ተከፈተና ነርሷ ወጣች። እየተጣደፈች ነው።

"የእኚህ እናት ቤተሰብ ማነው?"

"እኔ ነኝ።"

"ደም እየፈሰሳቸው ነው። ያዘጋጀነው እየተሰጣቸው ነው፤ ግን ተጨማሪ ሊያስፈልግ ይችላል። የሚለግስ ሰው ይዘው ቶሎ ደም ባንክ ይሂዱ።"

እጅጌዬን ሰበሰብኩ። "ይኸው" አልኳት ክንዴን ዘርግቼ።

"አይ አባባ፣ በእርስዎ ዕድሜ አይወሰድም። ወጣት ሰው ይፈልጉ።" በሩን ዘግታ ተመለሰች።

ቆምኩ። ሚዛን ከተማ ውስጥ ማንን አውቃለሁ? ወጥቼ ሰው ልለምን? አልነሣም ብያታለሁ። ብሄድ እኔ በሌለሁበት ሕይወቷ እንዳያልፍ በምን አውቃለሁ? ካልሄድኩስ በእኔ ምክንያት ብትሞት? አንድ እርምጃ ወደ መውጫው ሄድኩ፣ ተመለስኩ።  የበሩን ቀለም እስከ ዛሬ አውቀዋለሁ፤ ከታች በአልጋው ብረት ተፍቆ እንጨቱ ታይቷል።

ጎረቤታችን ትከሻዬን ይዛ መልሳ አስቀመጠችኝ።

"ጋሼ፣ እርስዎ ከዚህ ንቅንቅ እንዳይሉ። ቃል ሰጥተዋል።"

"ደሙስ?"

"እኔ ውሃ ነው ያለኝ?" አለችና ጫማዋን እያንቋቋች ሮጠች።

ብቻዬን ቀረሁ። ከዚያ በኋላ ስንት ሰዓት እንደሆነ አላውቅም። ለመጸለይ ሞከርኩ፤ ቃሉ አልመጣልኝም። የበሩን ሥር ብቻ አያለሁ። ሰው በውስጥ በኩል ሲያልፍ ጥላው ይታያል፣ ይጠፋል። አንድ ጊዜ ጥላው በሩ ጋ ደርሶ ቆመ፤ ብድግ አልኩ፤ ተመልሶ ሄደ።

ጎረቤታችን ስትመለስ ክንዷ ላይ ጥጥ ተለጥፏል። ከኋላዋ አንድ ወጠምሻ ጎረምሳ ይከተላል፤ እሱም ክንዱን አጥፎ ይዟል።

"ይሄ ማነው?" አልኳት።

"ባጃጅ ነጂው ነው። ወደ ደም ባንክ ስንሄድ አንተም ጤነኛ ትመስላለህ አልኩት። ደሙን ሰጠ፤ የባጃጁን ሒሳብ ግን አልማረኝም።"

"እኔ ባጃጁን በምን ነዳጅ ልሙላ፣ እናቴ?" አለ ልጁ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ "አይዞዎት አባቴ" ብሎ ሄደ። በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅሁ፤ ሳቁ መሀል ላይ ተሰብሮ ለቅሶ ሆነ። ጎረቤታችን አላባበለችኝም። ከጎኔ ተቀምጣ የቀረውን ዳቦ ቆርሳ እጄ ላይ አስቀመጠችና "ይብሉ፤ በሩን እኔ አያለሁ" አለችኝ። በላሁ። እሷ ዓይኗን ከበሩ አላነሣችም።

ሐኪሟ ስትወጣ ጭምብሏን አውልቃ ነበር። ፊቷ ደክሞታል። "ወጥቷል አባባ" አለችኝ። "ደሙም ቆሟል። ደህና ናቸው።" እጢው ተመርምሮ ክፉ አለመሆኑን የሰማነው ከዚያ በኋላ ነው። ያኔ ግን ከ"ደህና ናቸው" ወዲያ የነገረችኝን አልሰማሁም።

ባለቤቴን በአልጋ ሲያወጧት ዓይኗ በግማሽ ተከፍቷል። በቋንቋችን ስሟን ጠራሁ። ጣቶቿን አንቀሳቀሰች፤ ያዝኳቸው፤ ቀዝቃዛ ነበሩ፤ ግን ያዙኝ።

ሰዎች ያን ቀን እንዴት ቻልከው ይሉኛል። እኔ አልቻልኩትም። ያን በር ያስቻለችኝ፣ ደሟን ሰጥታ እኔን ከቦታዬ ያላስነሣችኝ፣ ስበላ በሩን የጠበቀችልኝ ያቺ የጅማ አገር ልጅ ናት፤ ከቤታችን ፊት ለፊት ስኳርና ሳሙና የምትሸጠዋ ባለሱቅ።